«በእኔ» ያልክበት ሞተር

ለወንድሜ ለሚናስ ገብረመስቀል
ደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ

ወንድሜ ሚናስ፣ እንዴት ከረምክ? ወገብህስ እንዴት ነው፣ ሱቅ ውስጥ ቆመህ ስትውል አሁንም ያምሃል? ባለፈው ለመቅደስ ስትደውልላት ሲያስል ሰማሁት ብላኛለች፤ ታከምክ ወይስ እንደ ልማድህ «ይተወኛል» ብለህ ተቀመጥክ? ምግቡስ ይስማማሃል? የምትኖርበት ሰፈር ሰላም ነው? ወደ ቤት ስትገባ ብቻህን አትሂድ፣ ከሰው ጋር ሂድ። እኔ እንደምታውቀኝ ነኝ፤ ባህር ተሻግረህም መፍራቴን አላቆምኩም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አባባ ስኳራቸው ከፍ ዝቅ እያለም ቢሆን አሉ፤ በየወሩ ኦቶና ሆስፒታል ለክትትል እወስዳቸዋለሁ። ባለቤቴ ጣፈጠች አለች፣ ልጆቹ መቅደስና ሰላምአብ አሉ፣ ጋራዡም አለ። እማዬ ያረፈችበትን ቦታ ለመስቀል አጽድተን ዙሪያውን ድንጋይ አስደርድረናል። ደህና ነን ብዬ ባልፍ ደስ ባለኝ። ግን ይህን ወረቀት የጀመርኩት ደህና ስላልሆንኩ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ሦስት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ የኔን ስልክ አታነሳም፤ በዚህ አልቀየምህም። ሁለተኛ፣ ብታነሳውም ይህን ነገር በአፌ ጀምሬ የምጨርሰው አይመስለኝም። ሦስተኛ፣ ወረቀት ይቀመጣል፤ ለሰው ላሳይ ብትል ታሳየዋለህ። የሰፈራችን ልጅ በኃይሉ ሰኞ ወደዚያ ይበራል፣ በእጁ ነው የምልከው። እንዳትጥለው ብዬ ፖስታው ላይ የኔን ስም አልጻፍኩም፤ የመቅደስን ነው የጻፍኩት። ለዚህም ይቅርታ።

ንቧ ተመልሳ መጣች።

የጋሽ ጩማን ቀይ መኪና ነው የምልህ። ድምጿ ጥዝዝ እያለ ከመናኸሪያ እስከ ኦቶና ስለሚሰማ የሰፈር ልጅ ሁሉ ንቧ ያላት፣ ሶዶ ውስጥ ፒስተን የሌለው ሞተር የነበራት ያቺው መኪና። ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ፣ ከቀትር በፊት አንድ የጭነት መኪና ከቢጠና ጎትቷት መጥቶ በራችን ላይ አቆማት። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ጋሽ ጩማ ግቢ አቮካዶ ስር ነበረች። ጎማዎቿ መሬት ገብተው ስለነበር ቆፍረው ነው ያወጧት። ኋላዋ እንደተጨፈለቀ ነው። ሹፌሩ ወንበር ላይ ዶሮ ጎጆ ሠርታበታለች።

በሩን ስከፍት ምን እንደሸተተኝ ልንገርህ? ዳጣ። ወንበሩ ስር ክዳኑ የዛገ ጠርሙስ ተወሽቆ አገኘሁ፤ ውስጡ ያለው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ያን ቀን ወይዘሮ አሳየሽ፣ የጋሽ ጩማ ሚስት፣ ለጊፋታ ብላ ለእህቷ የያዘችው ዳጣ ነው። ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት አስራ አንድ ዓመት ይሸታል አይባልም። እኔ ግን ሸተተኝ፣ ዓይኔ እስኪያነባ ሸተተኝ። ጣፈጠችን ጠርቼ እስቲ አሽትቺ አልኳት። «አፈር ነው የሚሸተኝ» አለችና ፊቴን አየችኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ በሽተኛ ነው የምታየኝ።

ከጭነት መኪናው የወረደችው ሳምራ ናት፣ ልጃቸው። ያን ቀን ንቧ ዳገቱ መታጠፊያ ላይ በዝናብ ቀጥ ስትል፣ አባቷ ከጎማው ኋላ የሚያደርገው ድንጋይ ልታቀብለው ወርዳ የተረፈችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ። እናቷ ዝናቡን ፈርታ ውስጥ ቀረች፤ ከኋላ የመጣው አይሱዙ አላያትም። ሳምራ አሁን ሃያ ሞልቷታል። ቁመቷም፣ ስትናገር አንገቷን ዘንበል ማድረጓም እናቷን ነው፤ መጀመሪያ ሳያት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብያለሁ።

«ጋሽ ኃይሌ» አለችኝ፣ «እንዲጠግኑልኝ አይደለም ያመጣሁት። ይክፈቱትና ለምን እንደቆመ ይንገሩኝ።» አባቷ በጠና ታሟል፤ ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዱት ብለዋል። ተኝቶ በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ ይላል አለችኝ፦ «እናትሽን የገደልኳት እኔ ነኝ። ዘይት ጨምር ተብዬ ሳልጨምር ነው የወጣሁት።» እኔን አፍጥጣ እያየች «እውነት ነው?» አለች።

ሚናስ፣ አንተ መኪናዋን ስታስረክበው «ጋሼ፣ ይህ ሞተር ዘይት ይጠጣል፤ በየሳምንቱ እያየህ ጨምር» ብለኸው ነበር። እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ። እሱ አለመጨመሩን ግን ያኔ ለማንም አልተናገረም። የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ላይ «ልጁ ስፕሪንግ ረስቶ ነው የዘጋው» ሲባል ራሱን ዝቅ አድርጎ ዝም አለ። አሁን ሳስበው ያን ቀን ዝም ያልነው ሦስት ሰዎች ነን። ሞተሩ ሲገጠም ለመናገር አፍህን የከፈትከው አንተ ብቻ ነበርክ፣ እሱንም እኔ ዘጋሁት።

ያኔ የሆነውን ታውቀዋለህ፤ የማታውቀውም አለ። የምታውቀውን ላስቀድም፣ ወረቀቱን ሌላ ሰው ቢያነበው እንዲገባው። ነሐሴ 2006 ነው። አባባ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲሠሩ እንዲህ ያለ ሞተር ነክተው ስለነበር፣ ጋሽ ጩማ ከገብሬ እጅ ሌላ እጅ አይነካውም ብሎ አመጣት። ሞተሩን አወረድነው፣ ከፈትነው፣ ሁለቱን ሮተሮች፣ በፒስተን ፋንታ የሚዞሩትን ባለ ሦስት ጫፍ ብረቶች፣ በላምባ አጥበን ሸራ ላይ አስቀመጥናቸው። አባባ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በየጫፉ መሰንጠቂያ አሳለፉ። «ምንም የለውም፤ ይመለስ» አሉ። አንተ «አባባ፣ በመለኪያ እንየው» አልክ። «በእጄ ላይ እጅ ትጨምራለህ?» አሉህ። ግቢው ሁሉ ሳቀ። ባትሪ ሊያስሞላ የመጣው ሰውዬ «ልጁ ከአባቱ ጥፍር ይልቅ ቆርቆሮ ያምናል!» ብሎ ቀለደብህ። ያኔ ወደ እኔ ዞርክ። እኔ ታላቅህ «አባባ ካሉ አሉ ነው፤ ዝጋው» አልኩህ። ዘጋኸው። የመጨረሻውን ብሎን አጠበቅክና በቤታችን ወግ «በእኔ» አልክ። የመጨረሻውን ብሎን ያጠበቀ «በእኔ» ይላል፣ ሞተሩ ቢበላሽ ተጠያቂው እሱ ነው፤ አባባ ሙያ ካስተማሯቸው ሰው የተቀበሉት፣ እኛም ያለ ጥያቄ የወረስነው ሕግ።

የማታውቀው ይህ ነው። ከዚያ በፊት እኔ ለክቼ ነበር።

አባባ ለምሳ ገብተው፣ አንተ ለላምባ ሄደህ ነው። አዲሱን የጫፍ ብረት መሰንጠቂያው ውስጥ አስቀመጥኩና ፊለር ጌጁን፣ ያን ስስ ቅጠል ቅጠል ያለውን መለኪያ፣ በጎኑ ሰደድኩት። መጽሐፉ ክፍተቱ ከዜሮ ነጥብ አስራ አምስት ሚሊሜትር ካለፈ ሮተሩ ይጣላል ይላል። አምስቱ ጫፎች ደህና ነበሩ። ሁለተኛው ሮተር ሦስተኛው ጫፍ ላይ ግን የዜሮ ነጥብ ሠላሳው ቅጠል ገባ። ሳልገፋው ገባ። መለኪያውን በቱታዬ ጠርጌ ቦታው መለስኩት። ከዚያ አባባ መጥተው ምንም የለውም ሲሉ ሰማሁ፣ አንተ እንለካ ስትልም ሰማሁ።

ለምን ዝም አልክ ብትለኝ የአባባ ጣት መሞቱን ስለማውቅ ነው። በዚያው ክረምት ከብየዳ የወጣ ብረት ጨብጠው፣ ከመዳፋቸው ጭስ ሲወጣ አይቼ እኔ ነኝ የነጠቅኳቸው። የሸሚዛቸውን ቁልፍ እያዩ እንጂ እየዳሰሱ መቆለፍ ትተው ነበር። ስኳሩ ጣታቸውን በልቶት ነበር ሚናስ። ሰው በተሰበሰበበት መለኪያ ማውጣት ማለት ደግሞ «የገብሬ እጅ አለቀ» ብሎ ማወጅ ነው። ከጉራጌ አገር ባዶ ኪሳቸውን መጥተው፣ በዚያ እጅ ነው ሶዶ ላይ ሰው የሆኑት። ከእጃቸው ሌላ ምን ነበራቸው? እንዲህ ብዬ ነው ለራሴ የነገርኩት። ሞተሩ አንድ ዓመት ይሄዳል፣ ከዚያ በሆነ ምክንያት እንከፍተዋለን፣ ያኔ በዘዴ ሮተሩን እንለውጣለን ብዬም አቀድኩ። አንድ ወር ከሁለት ሳምንት ነው የሄደው።

ከለቅሶው በኋላ ሽማግሌው ጋሽ ኤርካሎ ሸንጎውን ይዞ «ሞተሩን የዘጋው ማነው?» ሲል «ሚናስ ነው» አልኩ። ውሸት አልተናገርኩም። እንዲህ የተቀመጠብኝም ለዚህ ነው፤ ውሸት ቢሆን ኖሮ ንስሐ ገብቼ እገላገለው ነበር። አንተ ቀና ብለህ አየኸኝና «በእኔ ብያለሁ፤ በእኔ ነው» ብለህ ተቀመጥክ። ለጥምቀት ቤት አልነበርክም። ሞያሌ ደረሰ ሲሉን አባባ ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት ሞተሩን ሳምራ ፊት ከፈትኩት። እሷ የእጅ ባትሪ ያዘችልኝ። ምንድን ነው ይህ ብትለኝ እንዲህ አስረዳኋት፦ ሳምቡሳ አስቢ፣ ሆዱ ትንሽ የተነፋ። እሱ ነው ሮተሩ፤ እዚህ ቤት ውስጥ ይዞራል። ሦስቱ ጫፎቹ ላይ መሰንጠቂያ አለ፣ በየመሰንጠቂያው ቀጭን ብረት ይቀመጣል፣ ፒስተን ላይ ፋሻ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል፤ ትንፋሹን ይይዛል። መሰንጠቂያው ከሰፋ ብረቱ እንደ ላላ ጥርስ ይነቃነቃል። አንድ ቀን ይሰበራል። ያኔ ሞተሩ ትንፋሽ ያጣል፤ በተለይ ሲግል፣ በተለይ ዳገት ላይ። «ዳገት ላይ» ብላ ደገመችው።

ሁሉንም አየሁ ሚናስ፣ ያኔ ማየት እንደነበረብኝ አየሁ። የሮተሮቹን ጎን አየሁ፣ ጋዝ ያመለጠበት ጥቁር ምልክት ሁለተኛው ላይ አለ። ውፍረታቸውን በካሊፐር ለካሁ፣ ደህና ነው። የማዕዘን ቀዳዳዎቹ ደህና ናቸው። የውስጥ ጥርሶቹ ደህና ናቸው። ዘንጉ የሚዞርበት ብሮንዚና ያበራል፤ ዘይት የጠማው ሞተር ብሮንዚናው ይጠቁራል፣ ይህ ግን ፊት ያሳያል። ከዚያ አንተ የሠራኸውን አየሁ። ስፕሪንጎቹ ሁሉ አሉ፣ አንድም አልተረሳም፣ አንድም አልተገለበጠም። በየጫፍ ብረቱ ላይ በመርፌ የጫርካቸው ቁጥሮች እስካሁን ይነበባሉ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ስድስተኛው ነው የተሰበረው፤ ሁለተኛው ሮተር፣ ሦስተኛው ጫፍ። ግማሹ መሰንጠቂያው ውስጥ ቀርቶ ነበር። ስድስት ቁጥርህ እላዩ ላይ አለች። እዚያው ቁጢጥ ብዬ ቀረሁ።

ሳምራ «ስለዚህ ዘይት አይደለም?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። «ታዲያ ምንድን ነው?» አለች። እስከ ቅዳሜ ጊዜ ስጪኝ አልኳት። «አባቴ እስከ ቅዳሜ ይቆይ እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ ጋሽ ኃይሌ። እርስዎ ያውቃሉ?» አለችኝ። እናቷ እንዲህ ነበር የምትቆርጠው ነገር።

አርብ ጠዋት መቅደስ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትወጣ እንደ ሁልጊዜው ባጃጁን አስቁሜ አየሁት። ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ መብራቱን፣ የሹፌሩን ዓይን። ሹፌሩ ለምዶኛል፤ «ጋሼ፣ ዛሬ እኔንም ፈትተው ሊገጥሙኝ ነው?» አለኝ። መቅደስ «አባዬ በናትህ፣ ክላስ አለኝ» ብላ ፊቷን ሸፈነች። ሄዱ። በር ላይ ቆሜ ሳለሁ የንቧን ድምጽ ሰማሁ። ከታች፣ ከመናኸሪያ በኩል፣ ጥዝዝ እያለ መጣና በፊቴ አልፎ ወደ ዳሞታ ተራራ ወጣ። ፀሐይ ወጥቷል፣ ሰው ገበያ ይሄዳል፣ መንገዱ ላይ እሷን የምትመስል መኪና የለችም። ዞር ስል ሞተሯ ሸራ ላይ ተበትኖ ተቀምጧል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ያን ድምጽ እሰማው ነበር፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ግን ያኔ ቢያንስ ሞተሩ ሙሉ ነበር፣ የሆነ ቦታ ይነሳ ይሆናል ብዬ ራሴን አታልል ነበር። የተበተነ ሞተር ሲጮህ ስሰማ ወይ አብዳለሁ ወይ እናገራለሁ አልኩ።

ከምሳ በኋላ ሁለተኛውን ሮተር ይዤ አባባ ፀሐይ ወደሚሞቁበት ሄድኩ። ምን እንደሆነ ሳልነግራቸው ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። ክብደቱን ሲያውቁት ፈገግ አሉ፤ «ሳምቡሳዋ!» አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጥፍራቸውን ሦስተኛው ጫፍ ላይ አሳለፉ። የተሰበረ ብረት የቧጨረው ቦታ ነው ሚናስ፣ ሕፃን ልጅ ቢነካው ጣቱን ያደማዋል። «ምንም የለውም» አሉ።

አዲስ የጫፍ ብረት አስገባሁና መለኪያውን እጃቸው ላይ አስይዤ፣ እጃቸውን በእጄ ይዤ ሰደድኩት። ቅጠሉ እስከ ታች ወርዶ ጠቅ አለ። ጣታቸው አልሰማውም፤ ጆሯቸው ግን ሰማው። ፈገግታቸው ጠፋ። መለኪያውን አወጡና ራሳቸው መለሱት፤ ጠቅ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረጉ። ከዚያ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ «ያኔ ለክተኸው ነበር?» አሉኝ። ለክቼው ነበር አባባ አልኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ በወደድኩ። «እኔም ያኔ ምንም አይሰማኝም ነበር» አሉ። «ሳይሰማኝ ሲቀር ምንም የለውም ማለት ነው ብዬ... አይ፣ አላልኩም። አውቅ ነበር።» ትንሽ ቆይተው «ጩማ ዘንድ ውሰደኝ» አሉ።

ቅዳሜ ሚኒባስ ይዘን ቢጠና ወረድን፤ ሮተሩን በጋቢያቸው ጠቅልለው አቅፈውት ነው የሄዱት። ያቺ መታጠፊያ ስንደርስ አባባ የት እንዳለን ሳልነግራቸው «እዚህ ነው?» አሉ። እዚህ ነው አልኳቸው። ሹፌሩ ሙዚቃ ከፍቶ ነበር፣ ማንም አልሰማንም።

ጋሽ ጩማ ያ ግዙፉ ሰውዬ ብርድ ልብሱ ስር ጠፍቷል። ዓይኑ ብቻ ነው የቀረው። «ሳሮ፣ ገብሬ» ብሎ በወላይትኛ ሰላምታ ሰጠ። አባባ ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጠው ሮተሩን ደረቱ አጠገብ አኖሩት። «ጩማ፣ ዘይቱ አይደለም። ጣቴ ነው» አሉት። እኔም ቆሜ ቀጠልኩ፤ ጣታቸው ብቻ አይደለም ጋሼ፣ እኔ ለክቼ አውቄ ነበር፣ ሚናስ እንለካ ሲል ዝጋ ያልኩት እኔ ነኝ አልኩ። ሌላም ለማለት አስቤ ነበር፣ በመንገድ በቁጥር አንድ ሁለት ብዬ ያዘጋጀሁት። አንዱም አልመጣልኝም።

ጋሽ ጩማ ሮተሩን ይዳብሰዋል። በኋላ «ዘይቱን ግን አልጨመርኩም እኮ» አለ፣ እንደ ልጅ። ብሮንዚናውን በጨርቅ ቋጥሬ ይዤለት ነበር፤ አውጥቼ በመስኮቱ ብርሃን አሳየሁት። ዘይት የጠማው እንዲህ አያበራም አልኩት። አገላብጦ አየው። «አሳየሽ» አለ፤ እንባው በጆሮው በኩል ወረደ። አባባም አለቀሱ። ሁለት ሽማግሌ አንድ ብረት መሃላቸው አድርገው ሲያለቅሱ እኔ መቆሚያ አጣሁ።

ሳምራ በሩ ላይ ነበረች። «ቁጥሩን ያውቁት ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ስንት ነበር?» አለች። ዜሮ ነጥብ ሠላሳ አልኳት። «ፀጉር ያህላል?» አለች። ሦስት አራት ፀጉር ያህላል አልኳት። ወጣች፤ እኛ እስክንሄድ አልተመለሰችም። ይቅርታ አልሰጠችኝም፣ እኔም ልጠይቃት አፍ አልነበረኝም። ሮተሩን እሷ አስቀርታዋለች።

ጋሽ ጩማ ልንወጣ ስንል እጄን ያዘ። ቃሉን አንድም ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ፦ «ለሚናስ ንገረው። ዘይት ጨምር ብሎኝ ነበር፣ አልጨመርኩም፣ ሸንጎ ላይ ፈርቼ ዋጥኩት። ልጁን አገር ያስለቀቅነው ሦስት ሽበታሞች ነን በለው። እኔን ይቅር ማለት ከቻለ ይበለኝ፤ ካልቻለም በአሳየሽ ሞት የለህበትም ብሏል በለው።» እኔ ያኔ ሽበት አልነበረኝም፤ አላረምኩትም።

ረቡዕ ኅዳር 3 አረፈ። ሳምራ በስልክ ለጣፈጠች እንደነገረቻት፣ ከቅዳሜ ወዲህ «እኔ ነኝ» የሚለውን ነገር አንድ ጊዜም አልደገመውም። ተኝቶ ነበር አለች፤ ብቻ ተኝቶ ነበር።

በሰልስቱ ቀን ያው ጋሽ ኤርካሎ፣ ያው ሽማግሌዎች ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ተነሳሁ። ሞተሩን የዘጋው ሚናስ ነው ብያችሁ ነበር፤ ሮተሩ መበላቱን እያወቅሁ እንዲዘጋ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ በእኔ ነው አልኩ። ጋሽ ኤርካሎ ምርኩዙን እያሽከረከረ «ይህን ለመናገር ጩማ መሞት ነበረበት?» አለኝ። ሳይሞት ነግሬዋለሁ አልኩ። «ሚናስስ? እሱ እስኪሞት ነው የጠበቅከው?» አለኝ። «ጻፍለት» አለኝ፣ «ጽፈህ ስትጨርስ ና፤ ከዚያ ስለ አንተ እንነጋገራለን።» ስለ እኔ ገና አልተነጋገሩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋራዡ የገባ መኪና የለም ማለት ይቻላል፤ ደንበኞቻችን በራችን ላይ እያለፉ ወደ ታች ይሄዳሉ። ጣፈጠች እስከ መቼ ትላለች። አላውቅም እላታለሁ።

ና አልልህም ሚናስ። መብቱም የለኝም። ይቅር በለኝ የምትለዋን ቃል ለመጻፍ አራት ወረቀት አበላሽቼ፣ በመጨረሻ የምፈልገውን ትቼ የሆነውን ጻፍኩልህ። አሁንም ብዙ ነገር ያስፈራኛል። ደብዳቤው እንዳይጠፋ እፈራለሁ፤ ደርሶህ እንዳትከፍተው እፈራለሁ፤ ከፍተህ አንብበህ «መለካትህን ያኔም አውቅ ነበር» እንዳትለኝ ከሁሉም በላይ እፈራለሁ። የንቧ ድምጽ ቆሟል ወይ ብትለኝ አልቆመም። ትናንት ዝናብ ጥሎ ነበር።

ቤተሰቡ ሰላም ብሎሃል። ጣፈጠች ሰላም ብላሃለች፤ ለሳልህ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ ቋጥራ በበኃይሉ ልካልሃለች፣ በማር አድርገህ ጠጣ። መቅደስ ሰላም ብላሃለች፤ ይህን ደብዳቤ አንብባዋለች፣ እኔው ነኝ ያስነበብኳት፣ ሁለት ቀን አላናገረችኝም፣ ዛሬ ጠዋት ባጃጁን ሳይ ግን ቆማ ጠበቀችኝ። ሰላምአብ ሰላም ብሎሃል፤ ዘጠነኛ ክፍል ገብቷል፣ አጎቴን በፎቶ ብቻ ነው የማውቀው ይላል። ጋሽ ኤርካሎ «የሶዶ ሽማግሌ ሰላም ብሎሃል» ብለህ ጻፍ ብሎኛል።

አባባን ምን ልበልልዎ ብላቸው ብዙ አሰቡና «ልፈርም» አሉኝ። ብዕር ስለማይታዘዛቸው ቀለም አምጥቼ አውራ ጣታቸውን ነከርኩ። ከዚህ በታች የምታየው አሻራ የእሳቸው ነው። ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው ቀና አሉና «ነካ?» አሉኝ። ነክቷል አባባ አልኳቸው።

ታላቅ ወንድምህ
ኃይለመስቀል ገብረመስቀል
ወላይታ ሶዶ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.